ቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈው

መቱ፣ አኮ ቤት፣ አልጋ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። አኮ የምንላት አያታችንን ነው፤ ኦሮምኛ በቅጡ የማንችለው የአዲስ አበባ የልጅ ልጆቿም ሌላ ስም አናውቅላትም። ጣሳው ውስጥ 11 ቀለህ አለ። ልጅ ሆነን ክረምቱን እሷ ጋ ስናሳልፍ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን ጣሳውን ጎትተን በቀለሆቹ እናፏጭ ነበር። የቀለሁን አፍ ታችኛው ከንፈር ላይ አስጠግቶ መንፋት ነው። ሰፋፊዎቹ ወፈር ያለ ድምፅ፣ ጠባቦቹ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ያወጣሉ። ለምን እንደሚለያዩ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ስሄድ ጥያቄው በሌላ በኩል መጣ። አጎቴ ቀለሆቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ጠበቀኝ።

«አንተ ኢንጂነር አይደለህ? እስቲ እነዚህን እያቸው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የሶፍትዌር ነኝ።»

«ያው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ አንድ ወዳጅ አለው። ሰውየው ከአያቱ የወረሰው ሞዜር አለው፤ የተመዘገበ ነው። ማታ ማታ ከርከሮ፣ ቀን ቀን ዝንጀሮ በቆሎውን ይጨርስበታል። ጠመንጃው አለ፤ ጥይቱ ግን ከስድስት አይበልጥም፣ የሚገዛበትም የለም። አንድ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ሰው ታዲያ «አሜሪካን ቀለህ አምጡልኝ እንጂ አሳጥሬ፣ አንገቱን አስተካክዬ ለሞዜር አደርገዋለሁ» ብሎታል። አኮ ጣሳ ውስጥ አራት አሜሪካን ቀለህ አለ። አራት ቀለህ ምን ያደርግለታል ብዬ ስጠይቅ፣ አጎቴ እየተሞላ እንደሚመላለስ፣ ለከርከሮ ደግሞ አንድ ጩኸት እንደሚበቃ ነገረኝ። ከእኔ የፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ይቻላል ወይስ አይቻልም።

ይቻላል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ምድሩን ያስተማረው ቃል ነው፤ እኛ ምህንድስና የተማርን ሰዎች ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ከሌላ ቃል በላይ የምንለማመደው እሱን ነው። እኔ ግን ቀለሆቹን አንድ በአንድ አገላብጬ፣ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አይቼ፣ «አይቻልም» አልኩ። ይሄን የምጽፈው ስለዚያ መልስ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃዎቹ ላውራ። (የውጭ አገሩን ዓመት እንደ ፈረንጆቹ፣ የአገሩን እንደ እኛ እጽፋለሁ።)

ከ11ዱ ሰባቱ የውጅግራ ናቸው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም አፋችን ላይ ተለውጦ የቀረ ነው፤ ካፒቴን ባዚል ግራ ያዘጋጀው፣ የፈረንሳይ ጦር በ1874 የተቀበለው ጠመንጃ። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የቀለሁ አፍ የሕፃን ጣት ያስገባል። ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት የእኛ ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነበር።

አጎቴ ወዳጅ ያሰበውን ሥራ፣ የአሮጌ ወታደራዊ ቀለህን አንገት ጠምዝዞ ሌላ ጥይት ማድረግን፣ መንግሥት ራሱ ሠርቶታል፤ ያውም በዚሁ በውጅግራ ቀለህ። ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1884 ጭስ የማያወጣ ባሩድ ፈለሰፈ። በ1886 የጦር ሚኒስትር የሆነው ጄኔራል ቡላንዤ በዚያ ባሩድ የሚሠራ ጠመንጃ በጥቂት ወራት ውስጥ ይድረስልኝ አለ። አዲስ ቀለህ ከምኑም ተነስቶ ለመንደፍ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ የግራን ቀለህ ወስደው አንገቱን እስከ 8 ሚሊ ሜትር አጠበቡት። ሌበል የሚባለው ጠመንጃ ጥይት እንዲህ ተወለደ። አፉ አዲስ ሆነ፤ ግርጌው ግን የአሮጌው ወፍራም፣ ከንፈረ ሰፊ ግርጌ ሆኖ ቀረ። ግርጌው ሰፊ፣ መሃሉ ቀጠን፣ አንገቱ እንደገና ቀጠን ያለ ጥይት ስትደረድሩት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይጎብጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈረንሳዩ ሾሻ መትረየስ ጥይት መያዣው ግማሽ ጨረቃ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በችኮላ የተጠበበ አንገት፣ እሱን ያላዩ ሰዎች እጅ ላይ ጣጣ ሆኖ ቆየ። «ለአሁኑ ይሁን፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» ተብሎ የተጻፈ ኮድ ላይ የሠራ ሰው ይሄን ታሪክ ሲሰማ ሆዱ ይታመማል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፈረንሳይ ሌበልን ስትታጠቅ ግራዋ ትርፍ ሆነ። ትርፍ መሣሪያ መሄጃ ይፈልጋል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ወደኛ መጣ። አንገቱ የጠበበው ቀለህ እዚያ ቀረ፣ አፈ ሰፊው ወደዚህ ተሻገረ። ደቡብ ምዕራቡ አገር ላይ ጥይቱ ገንዘብም ሆኖ ነበር፤ እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ እየተቆጠረ ዕቃ ይገዛ ነበር። አስቡት፤ አንድ ጥይት ይዘህ ገበያ ወጥተህ፣ ከፈለግክ ትገዛበታለህ፣ ከፈለግክ ትተኩሰዋለህ። ሁለቱም አገልግሎቱ ለሁሉም ግልጽ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የቀሩት አራቱ አሜሪካኖች ናቸው። ግርጌያቸው ላይ «ኤል ሲ» እና «53» ተመትቶባቸዋል። ኤል ሲ ሌክ ሲቲ ነው፣ ሚዙሪ ውስጥ ያለ የአሜሪካ መንግሥት የጥይት ፋብሪካ፤ 53ቱ የተሠሩበት ዓመት። 30-06 የሚባለው፣ የኤም ዋን ጥይት ነው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ወታደራዊ ውል ከተፈራረሙ በኋላ ደግሞ ኤም ዋን ወደ አገር ውስጥ በሺዎች ገባ። በንጉሡ ዘመን ወታደር የነበረው አያቴ እነዚህን አራቱን ከየት እንዳመጣቸው አኮ አታስታውስም። «ያመጣ ነበር» ነው የምትለው።

ቶርኖ ቤቱ ሰውዬ የተናገረው እውነት ነው። አሜሪካኖቹ የ1903 ጠመንጃቸውን ሲሠሩ ከጀርመኑ ሞዜር ብዙ ስለቀዱ ለሞዜር ኩባንያ ገንዘብ እስከመክፈል ደርሰዋል። ከዚያ ዝምድና የቀረው ግርጌው ላይ ይታያል፤ የጀርመኑም የአሜሪካኑም ቀለህ ግርጌው ወደ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የጀርመኑ ርዝመቱ 57፣ የአሜሪካኑ 63 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ረጅሙን አሳጥሮ፣ ትከሻውን ወደ ታች ገፍቶ፣ አፉን ለሰፊው አረር መክፈት ነው። ዓለም ላይ ብዙ ሰው ሠርቶታል። አሜሪካን አገር ፋብሪካ ሳያውቀው ግለሰብ በጓዳው ከሌላ ቀለህ የሚያወጣው ጥይት «የዱር ድመት» ይባላል፤ ከ30-06 ቀለህ ብቻ ስንት ዓይነት የዱር ድመት እንደወጣ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ከእነሱ አንዱ፣ አንገቱ እስከ ሩብ ኢንች የጠበበው 25-06፣ በ1920 ገደማ ኒድነር በሚባል ጠመንጃ ሠሪ እጅ ተጀምሮ ሬሚንግተን በ1969 የፋብሪካ ምርት አደረገው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጫካ ኖሮ ከዚያ ቤት ገባ ማለት ነው። ቤት መግባት ምንድን ነው? ግርጌው ላይ የራሱ ስም ተመታለት። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ 25-06 ግርጌው ላይ የሌላ ጥይት ስም ተሸክሞ ነው የኖረው።

እዚህ ላይ ነው እኔን የያዘኝ። የአኮ ቀለህ አጥሮ፣ ተከፍቶ የሞዜር ሆነ እንበል። ግርጌው አሁንም «ኤል ሲ 53» ነው የሚለው። ግርጌ አይጠብም፣ አይሰፋም፤ መቺው የሚያርፍበት፣ ጠመንጃው ቀለሁን የሚነክስበት ቦታ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ለሚያውቅ ሰው ያ ምልክት «እኔ የኤም ዋን ነኝ» ማለት ነው። የገበሬው ልጅ ወይም የልጅ ልጁ ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱን የተሞላ ጥይት መሳቢያ ውስጥ አግኝቶ፣ ግርጌውን አንብቦ ኤም ዋን ላለው ሰው ቢሰጠውስ? አጭሩ የሞዜር ጥይት ረጅሙ የ30-06 ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቃታ ሲሳብ ግን 8 ሚሊ ሜትር አረር 7.62 በሆነ አፈሙዝ ለማለፍ ይታገላል፤ ጠመንጃው የተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ እኔ የፈጠርኩት ፍርሃት አይደለም፤ የአሜሪካ ጥይት አምራቾች አብረው እንዳይውሉ ብለው ከሚያስጠነቅቋቸው ጥንዶች አንዱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ሲነሳ ወዲያው ወደ ዕቃው ጥፋተኝነት ይሄዳል። አንዱ «ናስ ናስ ነው፤ መዳብና ዚንክ ምን ኃጢአት አለው» ይላል። ሌላው «ለመግደል የተሠራ ነገር ምንም ብታደርገው መግደያ ነው» ይላል። ሁለቱንም አላምንባቸውም። አዲስ አበባ ቀለህ አቅልጠው ዶቃና መስቀል የሚሠሩ አሉ፤ ያ መስቀል ገዳይ አይደለም። ሁለተኛው ወገን ተረታ። ግን የመጀመሪያውም አላሸነፈም፤ ምክንያቱም መስቀሉን የሚገዛው ሰው ከተራ ናስ ይልቅ እሱን የሚመርጠው ቀለህ እንደነበረ ስለተነገረው ነው። ያለፈው ታሪኩ እዚያው አለ፤ ብቻ ተነግሯል።

ቅድመ አያቴ ደግሞ አለ። በሚያዝያ 1928 ንጉሡ ከአገር ሲወጡ ጎሬ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ፣ ኋላም ራስ እምሩ እዚያ ነበሩ። ከመቱ ብዙም የማትርቀው፣ ዛሬ ሰው ሳይቆም የሚያልፋት ጎሬ! ታኅሣሥ 1929 ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ዳር እስኪያዙ ድረስ ያ ጦር ከምንም በላይ የቸገረው ጥይት ነው። ቤታችን ውስጥ እንደሚወራው ቅድመ አያቴ ተኩሶ ቀለሁን ሳያነሳ ከቦታው አይንቀሳቀስም ነበር፤ ማታ ማታ የለቀመውን መልሶ ይሞላል። ሰባቱ የውጅግራ ቀለሆች ከእሱ የተረፉ ናቸው። እሱ የሠራው ሥራ ከአጎቴ ወዳጅ ሐሳብ ጋር በብረቱ በኩል አንድ ዓይነት ነው። ጥፋት ነው የሚል ሰው ግን እኛ ቤት የለም፤ ብዙ ቤትም ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ልዩነቱ ዓላማው ነው? ያኛው ለአገር፣ ይሄኛው ለበቆሎ? በቆሎ እንዴት ትንሽ ይሆናል። ሰኔና ሐምሌን በአንድ ማሳ የሚጠብቅ ቤተሰብ ፊት ቆሞ «የአንተ ምክንያት አነሰ» የሚል እኔን የመሰለ ደመወዝተኛ ነው። አይደለም፤ ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቅድመ አያቴ የሞላውን ቀለህ የሚያውቀው ራሱ ነው፣ የሚተኩሰው ራሱ ነው፣ የሚያጎርሰው ጠመንጃ የራሱ ነው፤ ቀለሁ ደግሞ የውጅግራ ነበር፣ የውጅግራ ሆኖ ቀረ። ግርጌው አልዋሸም። ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ የዞረው ጥይትም አልዋሸም፤ ሰጪም ተቀባይም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። መስቀሉም አልዋሸም። የተለወጠው ነገር የድሮ ስሙን እንደያዘ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲሻገር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ተቀባዩ የሚያምነው ስሙን ነዋ።

ይሄን ያሰብኩት በቀለህ ጀምሬ አይደለም፤ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሠርቻለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ የጭነት መኪናዎች የት እንደደረሱ የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፍኩ። ባለሱቁ ስኳሩ መቼ እንደሚመጣለት ያያል፤ ሾፌሩ ስልኩ ላይ «ዕቃው የት ደረሰ» የሚል ገጽ ይከፍታል፣ ይፈቅዳል፣ ይነዳል። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ሥራ ነበር እላለሁ። ከዓመት በኋላ ከበላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላም ቦታው ሊመዘገብ ይቻላል ወይ? ይቻላል አልኩ። የተለወጠው ከአሥር መስመር አይበልጥም። ሌላው ሁሉ፣ ሰንጠረዡም፣ ፈቃዱም፣ ሾፌሩ የሚያየው ገጽም የድሮው ነው። አንገቱን ነው የነካሁት፤ ግርጌው ላይ አሁንም «ዕቃው የት ደረሰ» ይላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሾፌር ቢሮ ተጠርቶ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አንድ ሰፈር ሦስት ሌሊት ለምን እንዳደረ ተጠየቀ። ሚስቱ የወለደችው እናቷ ቤት ነበር። የሚያስወቅሰው ነገር እንደሌለ ታወቀ፤ ግን ሰውየው ከቢሮው ሲወጣ ስልኩን እንዴት አድርጎ እንደያዘው አየሁ። እንደ ጋለ ነገር፣ በሁለት ጣት።

ያን ጊዜ ራሴን የማጽናናው «እኔ ክትትል አልሠራሁም፤ የዕቃ ፕሮግራም ነው የሠራሁት፤ ሌሎች ናቸው የተጠቀሙበት» እያልኩ ነበር። ይሄ ቀለሁን የመሰለ ክርክር ነው። እውነት ነው፣ ዋናውን ቀለህ የሠራው ሌክ ሲቲ ነው። ግን አንገቱን የጠመዘዘው ሰው ከሌክ ሲቲ የበለጠ ያውቃል፤ አሁን ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ብቸኛው አዋቂ መሆን ደግሞ ዕዳ ያመጣል። ዕዳው ሥራውን አለመሥራት ብቻ አይደለም፤ ከሠራኸው አዲስ ስም መምታት ነው። ገጹ ላይ «ከሥራ ሰዓት ውጭም ያለህበትን እናያለን» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ሾፌሩ አልፈቅድም ሊል ይችል ነበር። ያልጻፍነው እንቢ እንዳይል አይደል?

አንድ ተቃውሞ ግን አለ፤ ራሴን በሱ ስሞግተው ከርሜያለሁ። ስም መምታት ምን ያህል ያድናል? ስሙ በትክክል የተመታበት የፋብሪካ ጥይትም ይገድላል። ገጹ ላይ እቅጩን የጻፈ ድርጅትም ሥራ የሚያስፈልገውን ሾፌር ያለምርጫ ሊያስፈርመው ይችላል። ልክ ነው። እውነተኛ ስም ጉዳትን አያጠፋም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጉዳቱ ላይ ሌላው ሰው ሐሳብ እንዲኖረው ያደርጋል። ይህ ትንሽ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ የዚያን ሾፌር ሁለት ጣት እንዲያስታውስልኝ እለምነዋለሁ።

አሁን ወደ አኮ ጠረጴዛ ልመለስ። ቀለሆቹን ሳይ ሰባቱ የውጅግራ በእውነት የተበላሹ ነበሩ። አምስቱ ላይ ከአፋቸው የሚወርድ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ይሄ የታወቀ የናስ ሕመም ነው። በእንግሊዝ ዘመን ህንድ ውስጥ ዝናቡ ሲመጣ ፈረስ በረት አካባቢ የተቀመጠ ጥይት ሳይነካ ይሰነጠቅ ነበር፤ ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያና እርጥበቱ፣ ናሱ ሲሠራ ውስጡ ከቀረው ውጥረት ጋር ሲገናኙ እንደሆነ በ1921 በጥናት ተገለጸ። የአኮ አልጋ ያለበት ክፍል ጀርባው የላም በረት ነው፤ ዝናቡን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። አራቱ አሜሪካኖች ግን ምንም አልሆኑም። ካሜራዬን እስከመጨረሻው አጉልቼ ዞርኳቸው። ንጹሕ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሁሉም ተሰንጥቀዋል» አልኩ። «እይ ይሄን» ብዬ የውጅግራውን ስንጥቅ አሳየሁት። «አሮጌ ናስ እንዲህ ነው፤ ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል። አይቻልም።»

አመነኝ። ለምን አያምነኝ?

ማለት የነበረብኝ «ይቻላል፣ ግን እኔ አልስማማም» ነበር። የማልስማማበትንም ምክንያት መናገር እችል ነበር፤ ግርጌውን፣ የሰውየውን ልጆች፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራውን ቶርኖ ቤት፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177ን። ግን አጎት ናቸዋ። አጎትን፣ ያውም በበዓል ቀን፣ ያውም ወዳጁን ሊረዳ የመጣን ሰው «አልስማማም» ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ ያዘኝ። «አልፈልግም»ን «አይቻልም» በሚል ቀለህ ውስጥ ከተትኩት። ሙያዬን ማህተም አድርጌ መታሁበት። ይሄ ሰምና ወርቅ አይደለም ወይ ብዬ ራሴን ለማባበል ሞክሬያለሁ፤ አይደለም። ሰምና ወርቅ የሚናገር ሰው አድማጩ ሰሙን ገልጦ ወርቁን እንዲያገኝ ይፈልጋል። እኔ የፈለግኩት አጎቴ ጭራሽ እንዳይገልጠው ነው።

ከሁለት ወር በኋላ አኮ ጋ ስደውል በጨዋታ መሃል ነገረችኝ። የአጎቴ ወዳጅ «ኢንጂነሩ አሮጌ ጥይት ሁሉ ፊት ላይ ይፈነዳል አለ» የሚለውን ሰምቶ ፈራ። የቀሩትን ስድስት ጥይቶቹን ይዞ ሄዶ ሶር ወንዝ ውስጥ ጣላቸው። በሌላ አነጋገር፣ ደህና ሊሆኑ የሚችሉትን፣ ግርጌያቸው ትክክል የሆነውን፣ የሞዜር ሆነው ተወልደው የሞዜር የሆኑትን። አሁን ሌሊቱን እሳት አንድዶ እየጮኸ ነው የሚጠብቀው፤ ሁለት ልጆቹም አብረውት ያድራሉ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ያንቀላፋሉ።

«አኮ፣ አራቱ ግን አልተሰነጠቁም ነበር» አልኳት። ለምን ለእሷ እንደነገርኳት አላውቅም።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ አይደለሁ የማጥባቸው። ኢልመ ኮ፣ እኔ ደግሞ ዕቃዬን መስጠት ስላልፈለግክልኝ መስሎኝ ነበር።»

እሷም የራሷን ምክንያት አበጅታልኝ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ከነበረኝ የተሻለ ምክንያት።

በማግስቱ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስንጥቁንም፣ ያልተሰነጠቁትንም፣ ለምን እንደዚያ እንዳልኩም። አላቋረጠኝም። ከኋላው የገበያው ጫጫታ ይሰማል። ዝም ብሎ ቆየና፣

«እሺ» አለ። «እና ሰውየው ጥይቱን ሶር የጣለው በምን ምክንያት ነው ልበለው?»

«እኔ ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ።»

«ቅዳሜ ና» አለኝ። «ከሰዓት ዝናብ አለ፤ በጠዋት ነው የምንሄደው። ቦት ጫማ ያዝ።»